ከቀላል የእጅ ቀዶ ሕክምና በኋላ ቁስሉን እንዴት እንዝጋው? ከክር ምርጫ እስከ ክር ማውጣት

ትንሽ የእጅ ቀዶ ሕክምና ሲሠራ ዋናው ክፍል እንዳለቀ ሐኪሙ ጓንቱን ያወልቅና ወደ ሚቀጥለው ታካሚ ይሄዳል። ቆዳውን መዝጋት ለኢንተርኑ (ለተለማማጁ ሐኪም) ወይም ለጤና መኮንኑ ይተዋል። ሆድ ወይም ጭን ላይ ቢሆን ብዙ አያስጨንቅም። እጅ ግን ሌላ ነው። እብጠቱ በሚገባ ወጥቶ፣ የተያዘው ጅማትም በሚገባ ተላቅቆ ሳለ፣ ስፌቱ ከመጠን በላይ ስለጠበቀ ወይም ፋሻው ጣቶቹን ስላሰረ ብቻ ታካሚው ዕቃ መጨበጥ ያቅተዋል። አናጢ፣ ልብስ ሰፊ ወይም እንጀራ ጋጋሪ ከሆነ ደግሞ የዕለት ጉርሱ ተነካ ማለት ነው።

ይህን የጻፍኩት ስፌት ተምረው በጤና ጣቢያና በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ለሚሠሩ ወጣት ባለሙያዎች ነው። ታካሚዎችና ቤተሰቦቻቸው ስለ ቤት እንክብካቤና ስለ ክር ማውጣት የተጻፈውን ቢያነቡ ይጠቅማቸዋል፤ መስፋቱ ግን ቤት ውስጥ የሚሞከር ነገር አይደለም። ቀላል ቀዶ ሕክምና ስል በእጅ አንጓ ላይ የሚወጣውን ጋንግሊዮን (ፈሳሽ የያዘ እብጠት) ማውጣት፣ ታጥፎ አልዘረጋ የሚል ጣትን ማላቀቅ፣ የካርፓል ተነል ቀዶ ሕክምና (በእጅ አንጓ ላይ የተጨቆነን ነርቭ ማላቀቅ)፣ ባዕድ ነገር ማውጣትና የመሳሰሉትን ማለቴ ነው። እነዚህ ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቃሉ፤ ቁስሉ የተዘጋበት መንገድ ጣቶቹ በዚያው ቀን እንዲንቀሳቀሱ የሚፈቅድ መሆን አለበት።

በመጀመሪያ፦ ይህ ቁስል መዘጋት አለበት?

መርፌ ከማንሳታችሁ በፊት ይህን ጥያቄ መልሱ። መግል የፈሰሰበት ቁስል አይሰፋም። ክፍት ይተዋል፤ ጎዝ ይደረግበታል፤ ከታች ወደ ላይ እየሞላ ይድናል። በወፍጮ የተጨፈለቀ፣ አፈርና ፍግ የገባበት ወይም ዘግይቶ የመጣ ቁስልም በመጀመሪያው ቀን መዘጋት የለበትም። የሞተውን ሥጋ አስወግዱ፣ በብዙ ውሃ እጠቡ፣ በእርጥብ ጎዝ ሸፍኑና ከ3 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ መልሳችሁ እዩት። ንጹሕ ከሆነ ያኔ ይሰፋል። ይህ መዘግየት ሥራን መሸሽ አይደለም፤ መግልን ቆልፎ ጣትን ከማጣት የሚያድን ውሳኔ ነው።

አንድ ቁስል በተለይ ተጠንቀቁለት። በጣት አንጓ ጀርባ ላይ ያለ ግማሽ ሣንቲ ሜትር የማይሞላ ቁስል፣ ባለቤቱ «በር መታኝ» ይላል፤ እውነቱ ግን ቡጢ ሰንዝሮ የሰው ጥርስ ስላገኘው ነው። ጥርሱ መገጣጠሚያውን ሊበሳ ይችላል፤ ጣቱ ሲዘረጋ ቀዳዳው በቆዳውና በጅማቱ ተሸፍኖ ይሰወራል። በደግነት ግን በግልጽ ጠይቁ። እንዲህ ያለው ቁስል ፈጽሞ አይሰፋም፤ ታጥቦ፣ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ተጀምሮ ቀዶ ሐኪም ሊያየው ይገባል። የውሻ ንክሻ ከሆነ ለ15 ደቂቃ ያህል በሳሙናና በውሃ መታጠብ ይቀድማል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይከተላል። ሐኪሙ ኢሚዩኖግሎቡሊን (ቫይረሱን የሚከላከል ዝግጁ ፀረ እንግዳ አካል) ያስፈልጋል ካለ፣ ቁስሉ ውስጥ ሳይሰጥ ስፌት አይታሰብም።

የጣት ጫፍ ቆዳ ተገሽልጦ ሄዶ ስፋቱ ከ1 ካሬ ሣንቲ ሜትር በታች ከሆነና አጥንት ካልታየ፣ ጠርዙን ጎትቶ ከማጋጠም ይልቅ በእርጥብ መሸፈኛ እንዲሞላ መተው አብዛኛውን ጊዜ የተሻለ ጣት ይሰጣል። መዳፍም ለዚህ ይመቻል። ማካሽ የተባለው ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ከመዳፍ ቆዳ ሥር ያለው ሽፋን ጠንክሮ ጣቶችን በሚያጥፍበት የዱፑይትረን በሽታ ላይ ቀዶ ሕክምና ካደረገ በኋላ በመዳፉ ላይ ያለውን አግድም ቁስል ሳይሰፋ እየተወ ጣቶቹን ወዲያው ማንቀሳቀስን መርጧል። ቁስሉ በሳምንታት ውስጥ ራሱ ይዘጋል። ስለዚህ መዳፍ ላይ ጠርዞቹ ያለ ጉልበት አልገናኝ ካሉ ትንሽ ክፍተት ተዉ እንጂ አትጎትቱ።

በአደጋ የመጣ ቁስል ከሆነ ደግሞ ደሙን ለማቆም ቡና ተደፍኖበት ሊመጣ ይችላል። ታካሚውን አትቆጡት፤ በቤቱ የነበረውን ነው ያደረገው። ነገር ግን ማደንዘዣ ከሰጣችሁ በኋላ የመጨረሻዋ የቡና ቅንጣት እስክትወጣ እጠቡ፤ ውስጥ የቀረ ዱቄት ባዕድ ነገር ነውና። ደግሞም ከማደንዘዣው በፊት በጣቱ በሁለቱም ጎኖች ስሜት መኖሩን፣ ጣቱ መታጠፉንና መዘርጋቱን ፈትሹና ጻፉ። ነርቭ ወይም ጅማት ተቆርጦ ከሆነ ቆዳውን በጥቂት ስፌት አገናኝታችሁ ወደ ሚጠግነው ሐኪም ላኩ። የቴታነስ ክትባቱንም አትርሱ፤ የመጨረሻው ክትባት ለንጹሕ ቁስል ከ10 ዓመት፣ ለቆሻሻ ቁስል ከ5 ዓመት ካለፈው ማጠናከሪያ ያስፈልገዋል።

ከመስፋት በፊት፦ ማደንዘዣ፣ ደምና ማሰሪያ

አድሬናሊን (ደም ሥርን የሚያጠብ መድኃኒት) ያልተቀላቀለበት ሊዶኬይን የተባለው ማደንዘዣ ከፍተኛው መጠን ለአንድ ኪሎ ግራም ክብደት 4.5 ሚሊ ግራም ነው፤ በጠቅላላው ከ300 ሚሊ ግራም አይበልጥም። የ60 ኪሎ ሰው 270 ሚሊ ግራም ይችላል ማለት ነው። ባለ 2 ፐርሰንቱ ብልቃጥ በአንድ ሚሊ ሊትር 20 ሚሊ ግራም ስለያዘ 13.5 ሚሊ ሊትር ይሆናል። አንድ ጣት ለማደንዘዝ ግን ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ብልቃጡ 1 ፐርሰንት ይሁን 2 ፐርሰንት ሁልጊዜ አንብቡ።

አድሬናሊን የተቀላቀለበት ማደንዘዣ ጣት ላይ ክልክል ነው ተብሎ ለረጅም ዘመን ተምረናል። ካናዳዊው የእጅ ቀዶ ሐኪም ዶናልድ ላሎንድና ባልደረቦቻቸው ያካሄዷቸው ጥናቶች ግን ከ100,000 አንድ የሆነ ቀጭን አድሬናሊን በጤናማ ጣት ላይ ደኅንነቱ የተጠበቀ መሆኑን አሳይተዋል፤ ዛሬ ብዙ የእጅ ቀዶ ሐኪሞች ታካሚው ነቅቶ፣ ክንዱም ሳይታሰር ይሠራሉ። የአድሬናሊኑን ውጤት የሚቀለብሰው መድኃኒት ፌንቶላሚን በእጃችሁ ከሌለ፣ ወይም ታካሚው የጣቱ ደም ዝውውር የታወከ ከሆነ ግን አድሬናሊን የሌለው ሊዶኬይን ይበቃችኋል።

የጣት ማሰሪያን በተመለከተ አጥብቄ የምለምነው ነገር አለ። ከጓንት ጣት ተቆርጦና ተጠቅልሎ የሚገባው ትንሽ ቀለበት በደምና በጎዝ ስለሚሸፈን ይረሳል። በፋሻ ሥር የተረሳ ማሰሪያ ጣቱን ይገድለዋል። ስለዚህ ማሰሪያችሁ ሰፊ ላስቲክ ይሁን፣ ጫፉም በትልቅ አርተሪ ፎርሴፕስ ይያዝ፤ ያ ብረት ተንጠልጥሎ ሳለ ማንም ፋሻ ሊጠቀልል አይችልም። ሲታሰርና ሲፈታ ሰዓቱን ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፣ ነርሷም ትጻፈው።

ማሰሪያው የሚፈታው ከስፌት በኋላ ሳይሆን በፊት ነው። ፍቱት፣ ቁስሉን በጎዝ ለ5 ደቂቃ ሳታነሡ ተጫኑት፣ ከዚያ እዩ። ጥፍሩን ጫን ብላችሁ ስትለቁት በ2 ሰከንድ ያህል ውስጥ ቀለሙ መመለስ አለበት። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ከጥፍር ሥርና ከመዳፍ የተሻለ መመልከቻ የለም። የሚደማ ነጥብ ካለ ሳታዩ በብረት አትያዙ፤ በጣት ውስጥ ነርቭና ደም ሥር ጎን ለጎን ይሄዳሉ፣ በመዳፍ በኩል ደግሞ ነርቩ ይቀድማል። በጭፍን የተያዘ ደም ሥር ብዙ ጊዜ ነርቩን ይዞ ይመጣል። መጫን አብዛኛውን ደም ያቆማል።

ክር መምረጥ

በክር መጠን ዜሮው ሲበዛ ክሩ ይቀጥናል፤ 4-0 ማለት አራት ዜሮ ነው። ለመዳፍ 4-0፣ ለጣትና ለእጅ ጀርባ 5-0 ናይለን ጥሩ ነው። ለጥፍር ሥር 6-0 የሆነ ሟሚ ክር ይወሰዳል። ናይለን ነጠላ ልሙጥ ክር ስለሆነ ተሕዋስያን አይሸሸጉበትም። ሐር በብዙ ጤና ጣቢያ የሚገኘው እሱ ብቻ ስለሆነ ይሠራበታል፤ ሆኖም የተጎነጎነ ክር ስለሆነ ሥጋውን ይቆጣል፣ ቆሻሻም ይይዛል። ሌላ ከሌለ ተጠቀሙበት፤ በጊዜው መውጣቱን ግን አረጋግጡ።

ሟሚ ክር ወይስ የሚወጣ ክር? ከካርፓል ተነል ቀዶ ሕክምና በኋላ ሁለቱን ያነጻጸሩ ጥናቶች በሕመምም ሆነ በጠባሳ ግልጽ ልዩነት አላገኙም። ስለዚህ እኔ የምመርጠው በታካሚው ቤት ርቀት ነው። ከጤና ጣቢያው አጠገብ ለሚኖር ሰው ናይለን። ክር ለማስወጣት የአንድ ቀን መንገድ ለሚጓዝ ገበሬ፣ እንዲሁም ሁለተኛ ጊዜ መቀስ ሲያይ ለሚንቀጠቀጥ ሕፃን ፈጥኖ የሚሟሟ ክር ይሻላል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ቪክሪል ራፒድ የሚባለው በሁለት ሳምንት ገደማ ኃይሉን ጨርሶ ይረግፋል፤ ተራው ቪክሪል ግን ጨርሶ እስኪሟሟ ሁለት ወር ያህል ስለሚቆይ በቆዳ ላይ ሲሆን ያሳክካል፣ ያቆስላልም። ማሸጊያቸው ይመሳሰላል።

መዳፍና ጣት ላይ ከሥር ስፌት አትጨምሩ። በዚያ ያለው ቆዳ ከታች ካለው ሽፋን ጋር በጠንካራ ክሮች የተያያዘ ስለሆነ የሚሞላ ባዶ ቦታ የለም። የተቀበረ ቋጠሮ የሚያተርፈው ሲነካ የሚያም እብጠት ነው፤ መርፌውም ነርቭ ሊያገኝ ይችላል። አንድ ረድፍ በቆዳ ላይ ይበቃል።

ስለ ሌሎቹ ዘዴዎች በአጭሩ፦ የቆዳ ሙጫ በልጆች የእጅ ጀርባ ላይ ላለ ትንሽና ደረቅ ቁስል ይሆናል፤ በመዳፍና በመገጣጠሚያ ላይ ግን ላብና እንቅስቃሴ ያስለቅቀዋል። ተለጣፊ ክርታስም እንዲሁ፤ ጥቅሙ ክር ከወጣ በኋላ ቁስሉን ለመደገፍ ነው። የብረት ስቴፕለር ለእጅ አልመክርም።

መስፋት

ቁስሉ ዚግዛግ ከሆነ (በጣት የመዳፍ ወገን እ.ኤ.አ. በ1967 ብሩነር ያስተዋወቀው ዓይነት) መጀመሪያ ማዕዘኖቹን አገናኙ። የቆዳዋን ሹል ጫፍ ወጋችሁ አትስፉ፤ ክሩ ከአንዱ ወገን ገብቶ በሹሏ ጫፍ ውስጥ ከቆዳው ሥር አግድም ያልፍና በሌላው ወገን ይውጣ። እንዲህ ሲሆን የጫፏ ደም አይቋረጥም። ቀጥ ያለ ቁስል ከሆነ ደግሞ ከመሐሉ ጀምሩና እያጋመሳችሁ ሂዱ።

መርፌው ከጠርዙ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ርቆ ቀጥ ብሎ ይግባ፤ በሌላው ወገን በእኩል ጥልቀትና በእኩል ርቀት ይውጣ። በስፌቶች መካከል ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ተዉ። ጠርዙን በፎርሴፕስ አትቆንጥጡ፤ በአንደኛው ጥርሱ ከሥር አንሡት እንጂ። የተቆነጠጠ ጠርዝ በማግስቱ ይጠቁራል። ናይለን ስለሚንሸራተት የመጀመሪያውን ዙር ሁለት ጊዜ ጠቅልሉ፣ ከዚያ ሦስት ወይም አራት ዙር በተቃራኒ አቅጣጫ ጨምሩ። ቋጠሮዎቹን ሁሉ በአንድ ወገን አሰልፉ፤ ጭራቸውንም ግማሽ ሣንቲ ሜትር ያህል ተዉ፤ አጭር ጭራ ክር የሚያወጣውን ሰው ያሠቃያል።

ጥብቀቱ የሥራው ሁሉ ቁልፍ ነው። ጠርዞቹ ይነካኩ፤ ከዚያ አልፎ መሳብ የለም። በቋጠሮው ዙሪያ ቆዳው ከነጣ ጠብቋልና ቆርጣችሁ እንደገና ስፉ። ዛሬ ልክ የመሰለው ስፌት ነገ ሲያብጥ እንደሚጠብቅ አስቡ፤ እጅ ደግሞ ሁልጊዜ ያብጣል።

የመዳፍ ቆዳ ወፍራም ስለሆነ ጠርዙ ወደ ውስጥ መጠቅለል ይወዳል። ወደ ውስጥ የተጠቀለለ ጠርዝ አይያያዝም፤ ክር ስታወጡ ተከፍቶ ታገኙታላችሁ። ለዚህ አግድም ማትረስ ስፌት (ክሩ ቁስሉን ሁለት ጊዜ ተሻግሮ በገባበት ወገን የሚቋጠርበት) ይረዳል፤ ጠርዙን ወደ ውጭ ይገለብጠዋል። ነገር ግን ሲጠብቅ ደም ስለሚያንቅ፣ አንድ ማትረስ ከአንድ ተራ ስፌት ጋር እያፈራረቃችሁ ሥሩ። በእጅ ጀርባ ሁኔታው ይገለበጣል፦ ቆዳው ስስና ልል ነው፣ የስሜት ነርቭ ቅርንጫፎችና ደም ሥሮችም ወዲያው ከሥሩ ናቸው። ጋንግሊዮን ካወጣችሁ በኋላ መርፌያችሁ በቆዳው ውፍረት ውስጥ ይቆይ፤ ከሥር የሚሄድ ተከታታይ ስፌት በቀጭን ሟሚ ክር ብትጠቀሙ ንጹሕ ጠባሳ ይተዋል።

ስትጨርሱ፣ ታካሚው ነቅቷልና፣ ቀስ ብሎ እንዲጨብጥና እንዲዘረጋ ጠይቁት። የሚከፈት ቦታ ወይም ቆዳውን የሚቆርጥ ክር ካለ አሁን ይታያል፤ አሁኑኑም ይታረማል።

ማሸግ

ቫዝሊን የተነከረ ጎዝ በስፌቱ ላይ፣ ልል ደረቅ ጎዝ ከበላዩ፣ በጣቶች መካከልም ቆዳው በላብ እንዳይላላ ጎዝ አድርጉ። ላስቲክ ፋሻው ሳይሳብ ይጠቅለል፤ የጣት ጫፎች ይታዩ። ቀለበት ከቀዶ ሕክምናው በፊት መውለቁን አረጋግጡ።

ጣትን ላላቀቃችሁለትም ሆነ ካርፓል ተነል ለተሠራለት ታካሚ ስፕሊንት (እጅን ደግፎ የሚይዝ ጠንካራ መደገፊያ) አያስፈልግም። የሚያስፈልግበት ምክንያት ካለ አቀማመጡ እንዲህ ይሁን፦ የእጅ አንጓ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ወደ ኋላ፣ የጣቶቹ ሥር መገጣጠሚያ ከ70 እስከ 90 ዲግሪ ታጥፎ፣ ቀሪዎቹ የጣት መገጣጠሚያዎች ቀጥ ብለው። ጣቶችን በግማሽ አጥፎ ማሰር ለታካሚው ይመቸዋል፤ ነገር ግን በዚያው ይደርቁበታል። በስኳር በሽታ ወይም በሥጋ ደዌ ስሜቱ የጠፋ እጅ ሌላ ጥበቃ ይፈልጋል፤ ሕመም ስለማያስጠነቅቀው ባለቤቱ ፋሻውን በየቀኑ በዓይኑ ማየት አለበት።

ለታካሚው የሚነገረው

ይህን ከመሄዳቸው በፊት ለታካሚውም አብሮት ለመጣው ሰውም ንገሩ። ለመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት እጅዎን ከልብ ከፍ አድርገው ይያዙ፤ ሲተኙም ትራስ ላይ ያድርጉት። በአንገት ማንጠልጠያ አስሮ ቀኑን ሙሉ ማቆየት ክርንንና ትከሻን ያደርቃል። ጣቶችዎን ከዛሬ ጀምረው በየሰዓቱ ጥቂት ጊዜ ሙሉ በሙሉ ዘርግተው ይጨብጡ፤ ትንሽ ያማል፣ ስፌቱ ግን አይበጠስም። ለሕመሙ ፓራሲታሞል አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ንጹሕ ቀዶ ሕክምና ስለሆነ ሐኪሙ ካላዘዘ በስተቀር ፀረ ተሕዋስያን አያስፈልግም።

ለ48 ሰዓት ፋሻውን አያርጥቡ። ከዚያ በኋላ በንጹሕ በሚወርድ ውሃና ሳሙና አጠር አድርጎ ማጠብና ማድረቅ ይቻላል፤ መዘፍዘፍ፣ ልብስ ማጠብና ሊጥ ማቡካት ግን አይቻልም። ቀኝ እጅ ከሆነ ወጥ ፋሻው ውስጥ እንዳይገባ በማንኪያ ወይም በሰው ጉርሻ ይብሉ። ለሶላት ውዱእ የሚያደርጉ ሰዎች በፋሻው ላይ ማበስ ስለሚፈቀድበት ሥርዓት ኢማማቸውን ይጠይቁ፤ ጸበል የሚጠመቁም እጃቸውን በፕላስቲክ ጠቅልለው ከውሃው ውጭ ያቆዩት። ቡና፣ ቅቤ፣ አልኮልና የጥርስ ሳሙና ቁስሉ ላይ አይደረጉም።

እነዚህ ከታዩ ሳይውሉ ሳያድሩ ይመለሱ፦ ከሁለተኛው ቀን በኋላ እየቀነሰ ሊሄድ ሲገባው የሚጨምር ሕመም፣ መግል፣ ትኩሳት፣ ወደ ክንድ የሚወጣ ሙቀት ወይም ቅላት (በጠቆረ ቆዳ ላይ ቅላቱ ላይታይ ስለሚችል ሙቀቱንና የቆዳውን መወጠር ይመልከቱ)፣ የቀዘቀዘ ወይም የጠቆረ የጣት ጫፍ። መላው ጣት አብጦ፣ ታጥፎ ቆሞ፣ ሌላ ሰው ሲዘረጋው ክፉኛ የሚያም ከሆነ የጅማቱ ከረጢት ተበክሎ ይሆናልና ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ይሂዱ።

ክር ማውጣት

የእጅ ጀርባ ከ7 እስከ 10 ቀን፣ ጣት ከ10 እስከ 14 ቀን፣ መዳፍና መገጣጠሚያ ላይ ያለ 14 ቀን። ስኳር በሽታ ያለበት ወይም ስቴሮይድ የሚወስድ ሰው ጥቂት ቀን ይጨመርለት። መዳፍ ላይ መቸኮል ቁስሉን ይከፍታል፤ በእጅ ጀርባ ላይ መዘግየት ደግሞ የመሰላል ምልክት ይተዋል።

አጽዱ፣ የደረቀውን ደም በእርጥብ ጎዝ አለስልሱ፣ ቋጠሮውን አንሥታችሁ ክሩን በአንድ ወገን ብቻ ከቆዳው ጥግ ቁረጡ። ስትስቡ ወደ ቁስሉ አቅጣጫ ይሁን፤ ወደ ውጭ ከሳባችሁ ጠርዞቹን ታለያያላችሁ። መጀመሪያ አንድ እየዘለላችሁ አውጡ፤ ቁስሉ ከያዘ ቀሪውን ጨርሱ፣ ካልያዘ ቀሪውን ለጥቂት ቀን ተዉትና በተለጣፊ ክርታስ ደግፉ።

ክሩ በወጣበት ቀን ቆዳው ከቀድሞ ጥንካሬው ጥቂቱን ብቻ ነው የመለሰው። ቀላል የቤት ሥራ ወዲያው ይቻላል፤ ድንጋይ የሚሸከም፣ መዶሻ የሚይዝ ወይም የሚያርስ ሰው ግን እስከ 4 ወይም 6 ሳምንት ቢታገሥ መልካም ነው፤ አሠሪው እንዲቀበለው የሕክምና ወረቀት ጻፉለት። ጠባሳውን በቀን ጥቂት ጊዜ በቫዝሊን ጫን እያሉ ማሸት ያለሰልሰዋል። ከካርፓል ተነል በኋላ በመዳፍ ሥር በኩል የሚሰማው ሕመም ለወራት ሊቆይ ስለሚችል አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ያልተነገረው ታካሚ ቀዶ ሕክምናው ከሸፈ ብሎ ይሰጋል። ኬሎይድ (ከቁስሉ ወሰን አልፎ የሚያድግ ጠባሳ) በመዳፍ ላይ እምብዛም አይወጣም፤ በእጅ ጀርባ ግን ሊወጣ ስለሚችል፣ ቀድሞ ያለበት ሰው ከሆነ ከሦስት ወር በኋላ ደግማችሁ እዩት።

በሦስተኛው ሳምንት ጣቶቹ መዳፉን የማይነኩ ከሆነ «ይለቃል» ብላችሁ አታሰናብቱት። በዚያው ሳምንት ወደ ፊዚዮቴራፒ ላኩት፤ በአቅራቢያ ከሌለ ሙቅ ውሃ ውስጥ እጁን አስገብቶ በቀን አራት ወይም አምስት ጊዜ እንዲጨብጥና እንዲዘረጋ አሳዩት፣ በሚቀጥለው ሳምንትም በጣቱ ጫፍና በመዳፉ መካከል የቀረውን ርቀት በማስመሪያ ለክታችሁ ካርዱ ላይ ጻፉ። ርቀቱ በሁለት ተከታታይ ሳምንት ካልቀነሰ ወደ እጅ ቀዶ ሐኪም ይላክ።